የ50 ሜጋኸርዝ ማጉያዬን ጥቅልል ብር ልቀባው ብዬ አጠቆርኩት

ሽቦ ጠምዛዥ (ደብረ ማርቆስ)፣ ቅዳሜ ማታ

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፦ ፈቃድ ላለው የአማተር ራዲዮ ክበብ ጣቢያ የሚሆን የ50 ሜጋኸርዝ ማጉያ መሥራት ከጀመርኩ ስድስተኛ ወር ይዣለሁ። 4ሲኤክስ250ቢ የሚባሉ ሁለት ቫልቮች (የራዲዮ አምፖሎች) ጎን ለጎን ተገጥመው፣ በ2,000 ቮልት ግድም እየሠሩ 500 ዋት ያህል እንዲያወጡ የታሰበ ነው፤ እስካሁንም በደሚ ሎድ (ኃይሉን ወደ ሙቀት በሚለውጥ የአንቴና ምትክ) እንጂ በአንቴና ላይ አልሞከርኩትም። የውጤቱን ጥቅልል የሠራሁት ፍሪጅ ጠጋኞች ከሚጠቀሙበት የሩብ ኢንች የመዳብ ቱቦ ሲሆን፣ ሳይጠመዘዝ በፊት ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነበር።

በውጭ አገር ማጉያዎች ፎቶግራፍ ላይ ጥቅልሉ ሁሉ እንደ ጽናጽል ሲያበራ ስለማይ፣ የእኔም እንዲያ ይሁን ብዬ ተነሣሁ። ከአንድ የራጅ ክፍል ከዓመታት በፊት የወጣ አሮጌ ፊክሰር (የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ) በጀሪካን አግኝቼ ነበር። ቱቦውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ በውኃ ባቀጠንኩት የባትሪ አሲድ ውስጥ ነክሬ፣ እንዳወጣሁት በቀጥታ ፊክሰሩ ውስጥ አገባሁት። በመጀመሪያው ደቂቃ ነጣ፤ ደስም አለኝ። ከዚያ በኋላ ፈሳሹ እንደ አጓት ደፈረሰ፣ ክብሪት ሲጫር የሚሸተው ዓይነት ሽታ ጉሮሮዬን ያዘኝ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥም ጥቅልሉ ምጣድ መሰለ። ከሁሉ የሚያስቀው በሦስተኛው ዙር ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ መስመር በመስመር ታትሞ መቅረቱ ነው፤ ለመታወቂያ እንኳ እንዲህ ጠርቶ አልወጣልኝም።

አሁን የምጠይቃችሁ፣ ብሩ ወፍራም ሆኖ እንዲይዝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ነው። አያቴ የተዉልኝ አንድ ጠገራ ብር ስላለ እሱን በአሲድ አሟሙቼ ልጠቀምበት አስቤ ነበር። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ «እውነተኛው መንገድ ሳያናይድ ነው፣ ሌላው ጨዋታ ነው» ብሎኛል። ይህን ሁሉ ብደክምስ የማጉያው ኃይል በምን ያህል ይጨምራል?

ጨለማ ክፍል (ባሕር ዳር)፣ ቅዳሜ ሌሊት

ልጄ ብልህ ቅር አይበልህ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የራጅ ፊልም በማጠብ ስለኖርኩ ፊክሰርን በሽታው አውቀዋለሁ። ከጻፍከው ውስጥ ሦስት ጥፋት ይታየኛል፤ ሦስቱም የሚታረሙ ናቸው።

አስቀድሞ ግን ፈሳሹ የሚሠራው ምን እንደሆነ እንግባባ። ፊክሰር ቲዮሰልፌት የሚባል ድኝ ያለበት ጨው የተበጠበጠበት ነው። ፊልም ሲታጠብ ብርሃን ያልነካውን ብር ከፊልሙ ላይ አሟሙቶ ይወስዳል፤ ስለዚህ ብር የሚገኝበት ያገለገለው ፊክሰር እንጂ ከፋብሪካ እንደመጣ የተበጠበጠው አይደለም። ንጹሕ መዳብ ሲገባበት መዳቡ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ፈሳሹ ይሟሟል፣ በእርሱ ልክ ብሩ ወጥቶ መዳቡን ይለብሰዋል። ልውውጥ ነው። መዳቡ በብር ሲሸፈን ከፈሳሹ ጋር መነካካቱ ስለሚቀር ልውውጡም ይቆማል፤ ለዚህ ነው አንድ ሰዓት ብታቆየውም የብሩ ውፍረት የማይክሮን (የማይክሮ ሜትር፣ ማለትም የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ክፋይ ሆኖ የሚቀረው። ከልክ በላይ ሲቆይማ ልብሱ ይላላና በጨርቅ ሲነካ ይረግፋል።

የመጀመሪያው ጥፋትህ አሲዱን ሳታለቀልቅ መሄድህ ነው። አሲድ ቲዮሰልፌትን ይሰባብረዋል፤ እንደ አጓት ያየኸው ድኝ ነው፣ ጉሮሮህን የያዘህም የድኝ ጋዝ ነው። ብርና ድኝ ከተገናኙ የሚወልዱት ጥቁር ነገር ነው። እባክህ ሁለተኛ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳትሞክረው፤ አስም ያለበት ሰው ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ሁለተኛው የፊክሰሩ እርጅና ነው። ለዓመታት ጀሪካን ውስጥ የኖረ ፊክሰር ማንም ሳይነካው በራሱ ይበላሻል፤ ከታች ቢጫ ዝቃጭ ካየህበት አትጠቀምበት። ሦስተኛው አሻራህ ነው፤ እሱን አንተው ነግረኸናል።

እኔ እንዲህ አደርግ ነበር፤ ለራዲዮ ሳይሆን ለልጆቼ የመዳብ ዋንጫ። ቱቦውን በላርጎና በሙቅ ውኃ በጥርስ ብሩሽ አጥባለሁ፤ ካጠብኩ በኋላ ጓንት አድርጌ እንጂ በእጄ አልነካውም። ውኃ አፈስበታለሁ፤ ውኃው እንደ ቀጭን መጋረጃ ሳይቆራረጥ ከወረደ ስቡ ወጥቷል፣ ጠብ ጠብ እያለ ከተሰበሰበ ግን ገና ነው፣ እንደገና ይታጠባል። ከዚያ በቀጭን አሲድ ግማሽ ደቂቃ ያህል፣ ቀጥሎ በሚወርድ ውኃ፣ በመጨረሻም ነዳጅ ማደያ በሚሸጠው የባትሪ ውኃ ይለቀለቃል። አሲዱ ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ፊክሰሩ ውስጥ በመዳብ ሽቦ አንጠልጥለህ፣ ሳታቆም እያወዛወዝክ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ በቂ ነው። የእናንተ የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ስለሆነ የፊክሰሩን ዕቃ ለብ ያለ ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው። ጓንቱ የጎማ ሳይሆን የፕላስቲክ ይሁን፤ ጎማ ድኝ አለበትና ብርን ያጠቁራል።

ፊክሰሩ ብር ያለበት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ጥቅልሉን መሠዋት አያስፈልግህም። የተላጠ የመዳብ ሽቦ ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት አብርተህ ብትነክረው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይነጣል፤ ካልነጣ ብር የለበትም።

አሮጌ ራዲዮ (ቡሬ)፣ እሑድ ጠዋት

አያ ጨለማ ክፍል ያሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የማይክሮን ክፋይ ለሆነ ብር ይህን ያህል እጥበት ምን ያደርጋል? እኔ ከ30 ዓመት በፊት የሠራሁት ማጉያ እስከ ዛሬ በባዶ መዳብ ነው የሚሠራው።

ባለ ሜትሩ (ፍኖተ ሰላም)፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ወንድሜ ሽቦ ጠምዛዥ ከጠየቁት ውስጥ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ፤ ሌላውን ሁሉ የሚወስነው እርሱ ነውና።

ብር ኮረንቲን የማስተላለፍ ችሎታው ከመዳብ የሚበልጠው በመቶ 6 ባልሞላ ነው። በራዲዮ ድግግሞሽ ደግሞ ኮረንቲው የሚሄደው በመዳቡ ቆዳ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ስኪን ኢፌክት የምንለው ይኸው ነው፣ ትርፉ የዚያ ልዩነት ዳግም ዘር ሆኖ ወደ መቶ 3 ግድም ይወርዳል። ይህን ወደ ማጉያዎ እንውሰደው። የጥቅልሉ ኪው (ከሚያባክነው አንጻር የሚያከማቸው ኃይል መለኪያ) ያለ ጭነት 300፣ በጭነት 12 ነው እንበል፤ በጥቅልሉ ላይ የሚባክነው 12 ለ300 ሲካፈል በመቶ 4 ይሆናል፣ ከ500 ዋት ውስጥ 20 ዋት ማለት ነው። ጥቅልሉን ከዳር እስከ ዳር በወፍራም ብር ቢሸፍኑት ኪው ከ300 ወደ 308 ያድግና ብክነቱ ወደ 19.5 ዋት ይወርዳል። ትርፉ ግማሽ ዋት ነው። በየትኛውም የኃይል መለኪያ መርፌ ላይ ይህን ልዩነት ማየት አይቻልም።

ይህም ብሩ በቂ ውፍረት ካለው ነው። በ50 ሜጋኸርዝ ኮረንቲው በመዳብ ውስጥ የሚጠልቀው 9 ማይክሮ ሜትር ያህል ነው፤ በ1.8 ሜጋኸርዝ 49፣ በ432 ሜጋኸርዝ ደግሞ 3 ይሆናል። በፊክሰር የሚለብሰው ብር 0.2 ማይክሮ ሜትር ቢሆን፣ ኮረንቲው በብሩ ሥር ባለው መዳብ ውስጥ እንደ ድሮው ይሄዳል፣ ብር መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ አሮጌ ራዲዮ በጥቅልሉ አካል ላይ ያነሡት ጥርጣሬ እውነት ነው፤ ባዶ መዳብ ቢጠቁርም ዝገቱ ኮረንቲ ስለማያሳልፍ ኮረንቲው ከሥሩ ባለው ንጹሕ መዳብ ይሄዳል፣ ጉዳቱም የሚያሳስብ አይደለም።

ነገሩ የሚለወጠው መጋጠሚያው ላይ ነው። ጥቅልሉ በቡሎን ከካፓሲተሩ ጋር በሚታሰርበት ቦታ፣ የቫልቩን አኖድ የሚጨብጠው ስፕሪንግ ጣት በሚነካበት ቦታ፣ ዝገቱ በኮረንቲው መንገድ ዳር ሳይሆን በመንገዱ ላይ ተጋርጦ ይቆማል። በእርስዎ ማጉያ፣ በ2,000 ቮልትና በ500 ዋት፣ በጥቅልሉ ውስጥ የሚመላለሰው ኮረንቲ ከ5 አምፔር በላይ ነው። አንድ የቆሸሸ መጋጠሚያ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ ቢጨምር 2.8 ዋት በዚያች በአንዲት ነጥብ ላይ ይነድዳል። ጥቅልሉን ሙሉ በሙሉ በብር ሸፍነው ከሚያተርፉት ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው፤ ያውም በ60 ሴንቲ ሜትር ላይ ተበታትኖ ሳይሆን የምስር ፍሬ በምታህል ቦታ ላይ። ቡሎን ሰማያዊ የሚያደርገው፣ የመበየጃ ሊድ የሚያቀልጠው ይህ ሙቀት ነው። ብር ጥቅሙ እዚህ ነው፤ ሲጠቁር እንኳ ጥቁሩ ስስ ሆኖ በሁለት የተጣበቁ ፊቶች መካከል ይደቅቃል።

ስለዚህ ብር ይቀቡ፤ ግን ለመጋጠሚያው ብለው ይቀቡ። ለጥቅልሉ አካል የሚጠቅመው ልስላሴው ነው። በሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ቱቦውን በወርዱ ከፈተጉት ጭረቱ ከ9 ማይክሮ ሜትር በላይ ይጠልቅና ኮረንቲው ተራራና ሸለቆ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ጥረቱን ወደ ደቃቅ ወረቀት አዙረው በቱቦው ርዝመት፣ ኮረንቲው በሚሄድበት አቅጣጫ ያለስልሱት። በነካ እጄ አንድ ነገር ልጨምር፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፣ ቫልቮቹንም በደንብ አያቀዘቅዝም። ለብር ካሰቡት ገንዘብ የተወሰነውን ለጠንካራ ማራገቢያ ቢያውሉት አይቆጭዎትም።

ሽቦ ጠምዛዥ (ደብረ ማርቆስ)፣ እሑድ ማታ

ግማሽ ዋት! ለግማሽ ዋት ብዬ ነው እንግዲህ ጉሮሮዬን ያቃጠልኩት። አያ ጨለማ ክፍል፣ ምክርዎን በደስታ ተቀብያለሁ፤ «ልጄ» መባሉም አልከፋኝም። ባለ ሜትሩ ያሰፈሩትን ስሌት በወረቀት ደግሜ ሠርቼው ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ሆኖም ወፍራም ብር የሚለብሱ ዕቃዎች በዓለም ላይ መኖራቸው አይካድም፤ ትልልቆቹ አምራቾች በከንቱ አይደክሙም። ጠገራውን በተመለከተ ደግሞ እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

የአንጥረኛ ልጅ (ሞጣ)፣ ሰኞ ጠዋት

ስለ ጠገራው ልመልስልዎ፤ አባቴ አንጥረኛ ስለነበሩ ስንት ጠገራ በእሳት ሲቀልጥ እያየሁ ነው ያደግሁት።

የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ፣ 1780 የሚል ዓመት ያለበት፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺህ 833 እጁ ብር ሲሆን የቀረው መዳብ ነው። ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ይሆናል ማለት ነው። አሁን የእርስዎን ጥቅልል እናስላ። የሩብ ኢንች ቱቦ በ60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ የውጭ ፊቱ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። 0.2 ማይክሮ ሜትር ብር ለማልበስ የሚበቃው 25 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህ የስንዴ ቅንጣት እንኳ አይመዝንም። 5 ማይክሮ ሜትር ይሁን ቢሉ ከ0.65 ግራም አይበልጥም። ለዚህ ሲሉ የአያትዎን ጠገራ ማጥፋት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለአንድ ጭልፋ ሾርባ በሬ እንደ ማረድ ነው።

ደግሞም ሥራው ቀላል አይደለም። ጠገራ የሚሟሟው በናይትሪክ አሲድ ነው፤ ሲሟሟ ቡናማ ጭስ ይወጣል፣ ያም ጭስ ሳንባን የሚበላ መርዝ ሲሆን ክፋቱ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ሊብስ መቻሉ ነው። የሚገኘውም ፈሳሽ ከመዳቡ የተነሣ ሰማያዊ ይሆናል፤ ብሩን ለብቻው ለማውጣት የገበታ ጨው ይጨመርበታል፣ ያኔ እንደ አይብ ነጭ ሆኖ ይረጋል፣ ያ ነጭ ነገር ሲልቨር ክሎራይድ ይባላል።

ሲልቨር ክሎራይድ ካነሣሁ አይቀር፣ ለመጋጠሚያ ብቻ ከሆነ ከፊክሰሩ የማይተናነስ ሌላ መንገድ አለ። የድሮ ሰዓት ሠሪዎች የናስ ሰዓቶችን ፊት የሚያነጡት ሲልቨር ክሎራይድን ከገበታ ጨውና ከክሬም ኦፍ ታርታር ጋር ቀላቅለው፣ በጥቂት ውኃ አርጥበው በጨርቅ በማሸት ነበር። ሙቀት አይፈልግ፣ ኮረንቲ አይፈልግ። ሲታሽ መዳቡ በጣት ሥር ሲነጣ ይታያል፤ የመጀመሪያው ግራጫ ነው፣ ሲደጋገም ወተት ይመስላል። ካለቀ በኋላ በብዙ ውኃ ታጥቦ ካልደረቀ ጨው የቀረበት ቦታ ሁሉ አረንጓዴ ያወጣል። ዱቄቱ ብርሃን ሲያገኘው ስለሚጠቁር በጨለማ ጠርሙስ ይቀመጣል። የቡሎን መቀመጫ የምታህል ቦታ ለማንጣት የጥፍር አናት ያህል ይበቃል።

ኬሚስቷ (ዳንግላ)፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ

ስለ ሳያናይድ የተጻፈውን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። የብር ቅብ ፋብሪካዎች ለብዙ ዘመን ሲጠቀሙበት መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ፈሳሽ ጥቂት አሲድ ጠብ ያለበት እንደሆነ ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባለውን ጋዝ ይለቅቃል፣ ያም ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። እርስዎ ደግሞ አሲዱን ሳያለቀልቁ ዕቃውን ወደ ሌላ ፈሳሽ እንዳስገቡ በገዛ እጅዎ ጽፈውልናል። ያን ዕለት ጀሪካኑ ውስጥ ፊክሰር ሳይሆን ሳያናይድ ቢሆን ኖሮ ይህ ውይይት አይኖርም ነበር። ሳያናይድ ቤት ውስጥ አይገባም፤ በዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለም።

ሌላው አሞኒያ ነው። ብር ያለበትን ፈሳሽ ከአሞኒያ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል ብለው የሚመክሩ አሉ። ያ ፈሳሽ ሲቆይና ሲደርቅ በመነካት ብቻ የሚፈነዳ ጥቁር ዝቃጭ ያወጣል። በተማሪ ቤተ ሙከራ እንኳ ተሠርቶ ወዲያው ይደፋል እንጂ አያድርም። የልብስ ማንጫ በረኪናም ከፊክሰርና ከአሲድ አጠገብ እንዳይደርስ።

ወፍራም ብር ያስፈለገው ሰው በኮረንቲ ማልበስ ይኖርበታል፤ ለዚህም ከሳያናይድ ነጻ ሆነው የሚሸጡ ፈሳሾች አሉ። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ አምፔር ለአንድ ሰዓት ቢሄድ 4 ግራም ብር ይጥላል። ለጥቅልልዎ 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.6 አምፔር ቢሰጡ፣ ብሩ በደቂቃ 0.32 ማይክሮ ሜትር እየወፈረ በ16 ደቂቃ 5 ማይክሮ ሜትር ይደርሳል። ቶሎ ይለቅልኝ ብሎ ኮረንቲውን የሚያበዛ ሰው የሚያገኘው ሻካራ ጥቁር ዱቄት ነው። ፊክሰርን በባትሪ የሚሞክሩ ሰዎችም የሚወድቁት እዚሁ ላይ ነው፤ ቲዮሰልፌቱ ራሱ ይሰበርና ድኙ ብሩን ያጠቁራል።

አሮጌ ራዲዮ (ቡሬ)፣ ሰኞ ማታ

እህቴ ኬሚስቷ፣ ለምክርዎ አመሰግናለሁ። ወፍራም ብር ለሚፈልጉ ሰዎች ከደረሰብኝ ልንገራቸው። ለ432 ሜጋኸርዝ የሚሆን የናስ ሳጥን፣ ቫልቩ በውስጡ የሚቀመጥበት፣ ሠርቼ ጌጣጌጥ ወደሚቀባ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሲመለስ ፊቴን አየሁበት፤ እንዲህ ያለ የሚያምር ሥራ አይቼ አላውቅም። ስሞክረው ግን ውጤቱ ከባዶው ናስ አነሰ፣ ሳጥኑም ለመንካት እስኪያስቸግር ጋለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቫልቩን ስከስስ ከረምኩ። በመጨረሻ ልጄ የበር መዝጊያ ማግኔት ይዞ ሲጫወት ሳጥኑ ላይ ደክሞ ተንጠለጠለ። ናስም ብርም ማግኔት አይስቡም። ለካ ብሩ እንዲያበራ ብለው ከሥሩ ኒኬል ቀብተውበት ኖሯል።

ባለ ሜትሩ (ፍኖተ ሰላም)፣ ሰኞ ማታ

አሮጌ ራዲዮ ያነሡት ለሽቦ ጠምዛዥ ጥያቄም መልስ ይሆናል። ኒኬል ከመዳብ አራት እጥፍ ያህል ኮረንቲን ይቃወማል፤ በዚያ ላይ ማግኔት የሚስበው ስለሆነ ኮረንቲውን በስስ ቆዳው ላይ ያጨናንቀዋል። ላዩ ላይ ያለው የጌጥ ብር ግማሽ ማይክሮን ከሆነ ኮረንቲው ያለፈው በኒኬሉ ውስጥ ነው። ቀቢዎቹ በእውቀታቸው ልክ ሠርተዋል፤ ለሻይ ማንኪያ ትክክለኛው አሠራር እርሱ ነውና። ለራዲዮ ዕቃ ሲሆን ግን «ከሥሩ መዳብ እንጂ ኒኬል አይግባ» ብሎ አስቀድሞ መንገር የባለቤቱ ድርሻ ነው።

አምራቾቹ በከንቱ አይደክሙም የተባለውም እውነት አለው። በ432 እና በ1,296 ሜጋኸርዝ ኮረንቲው የሚጠልቀው 3 እና 2 ማይክሮ ሜትር ግድም ነው፤ 5 ማይክሮ ሜትር ብር እዚያ ላይ አብዛኛውን ኮረንቲ ይሸከማል። የእነርሱ ሳጥኖች ብዙዎቹ ናስ ናቸው፤ ናስ ከመዳብ እጅግ የባሰ ስለሆነ ብር ሲለብስ ልዩነቱ ይታያል። የእርስዎ ጥቅልል ግን ከመነሻው መዳብ ነው፣ ድግግሞሹም 50 ነው።

ሽቦ ጠምዛዥ (ደብረ ማርቆስ)፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

የሆነውን ላሳውቃችሁ። አያ ጨለማ ክፍል አንድ ሊትር ያገለገለ ፊክሰር ከባሕር ዳር በሚመጣ ሰው ላኩልኝ፤ አሁን ብዙው የራጅ ክፍል ወደ ዲጂታል ስለ ዞረ ማግኘቱም ቀላል እንዳልነበረ ነግረውኛል።

የጠቆረውን ጥቅልል ጥዬ አዲስ ጠመዘዝኩ። ከመጠምዘዜ በፊት ቱቦውን ቀጥ እንዳለ በሦስት ዓይነት ወረቀት፣ ከሻካራው ወደ ደቃቁ፣ በርዝመቱ ብቻ አለሰለስኩት፤ ይህ ብቻውን ግማሽ ቀን ፈጀ። ጫፎቹን በመዶሻ ጠፍጥፌ የቡሎን ቀዳዳ በሳሁ። በላርጎ ሁለት ጊዜ ባጥበውም የውኃው መጋረጃ አንዲት ቦታ ላይ እየተቀደደ አስቸገረኝ፤ ለካ ቱቦውን የጠመዘዝኩበት እንጨት ቅባት ነበረበት፣ በሦስተኛው እጥበት ለቀቀ። ከአሲዱ በኋላ በሁለት ጆግ ውኃ፣ ቀጥሎ በባትሪ ውኃ አለቀለቅሁ። ሥራውን የሠራሁት በረንዳ ላይ ስለሆነ ሽታው አላስቸገረኝም።

ፊክሰሩ ውስጥ በገባ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ከቀይ ወደ ሐምራዊ ቢጤ፣ ከዚያ ወደ ግራጫ፣ በግማሽ ደቂቃ ደግሞ ወደ ነጭ ሲሄድ ቆሜ አየሁት። በ2 ደቂቃ አወጣሁት። እንደ ፎቶግራፎቹ መስታወት አልሆነም፤ እንደ ታጠበ አዲስ ነጠላ ለዘብ ያለ ነጭ ነው። ቤኪንግ ሶዳ ባለበት ውኃ ነክሬ፣ አለቅልቄ በፀጉር ማድረቂያ አደረቅሁት። ፕላስተር ለጥፌ ብመነግለው ብሩ አብሮ አልተነሣም።

የቡሎን መቀመጫዎቹን የአንጥረኛ ልጅ ባሉት መንገድ ደግሜ አሸሁ። በደሚ ሎድ ላይ ግማሽ ሰዓት ካሠራሁት በኋላ ዋናውን ኃይል አጥፍቼ፣ ካፓሲተሮቹን በመሬት ዘንግ ባዶ አድርጌ በእጄ ስነካ፣ በፊት ሊድ ያስለቀቀው መጋጠሚያ ከቱቦው የማይለይ ለብታ ብቻ ነበረው። የውጤቱ መርፌ ግን ድሮ ከነበረበት ቦታ ፍንክች አላለም፤ ባለ ሜትሩ እንዳሉት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ወጥ ቤታችን በግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን፤ ሽንኩርት ሲቁላላ፣ እንቁላል ሲቀቀል ብሩ አይጠቁርም? የተረፈውን ፊክሰርስ የት ልድፋው?

ኬሚስቷ (ዳንግላ)፣ በዚያው ዕለት

ይጠቁራል፤ ሽንኩርቱም እንቁላሉም ድኝ አለባቸው። የተጣበቀው የመጋጠሚያው ፊት አየር ስለማያገኝ አይነካም፣ የጥቅልሉ አካል ቢጠቁር ደግሞ ባለ ሜትሩ እንዳስረዱት ጉዳት የለውም። ዓይንዎን ካስቸገረዎ፣ ጥቅልሉን ፈትተው በፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አሉሚኒየም ፎይል አንጥፈው፣ ፎይሉን እንዲነካ አድርገው ቤኪንግ ሶዳ ያለበት ሙቅ ውኃ ይጨምሩበት፤ ጥቁሩ ወደ ብርነቱ ይመለሳል። በማንጫ ዱቄት አይፈትጉት፤ 0.2 ማይክሮን በአንድ ፍትግ ያልቃል።

ፊክሰሩን ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ጉድጓድ አይድፉት፤ የተሟሟ ብር ለዓሣና በውኃ ውስጥ ለሚኖር ሁሉ መርዝ ነው። የድስት ማጠቢያ ሽቦ፣ ማግኔት የሚስበውን የብረቱን ዓይነት፣ ጨምረውበት ሁለት ቀን ያቆዩት። ብረቱ ይሟሟል፣ ብሩ ጥቁር ዝቃጭ ሆኖ ይቀመጣል። የተላጠ የመዳብ ሽቦ ነክረው ካልነጣ ብሩ አልቋል።

የአንጥረኛ ልጅ (ሞጣ)፣ በዚያው ዕለት

ዝቃጩን አድርቀው ያቆዩልኝ፤ ሲጠራቀም በእሳት አቅልጬ ብሩን አወጣዋለሁ። ከአንድ ሊትር ጥቂት ግራም ቢገኝ ነው፤ ለአንድ ቀለበት ግን ይበቃል። ጠገራውስ?

ሽቦ ጠምዛዥ (ደብረ ማርቆስ)፣ በዚያው ዕለት

ጠገራው ወደ ሙዳዩ ተመልሷል። እናቴ ያሰብኩትን በሰሙ ጊዜ ሙዳዩን ራሳቸው ዘንድ ወስደውታል።

ጨለማ ክፍል (ባሕር ዳር)፣ በማግሥቱ

ልጄ፣ እንኳን ተሳካልህ። ጀሪካኑን ግን አጥበህ ባዶውን ላክልኝ፤ የሰው ዕቃ ነው። በላዩ ላይ «ፊክሰር» ብለህ ጻፍበት፣ ማንም ውኃ እንዳይቀዳበት።